ለቤት ሠራሽ አውሮፕላን የፋይበርግላስ ክፍል ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውሮፕላናቸውን በገዛ ጋራዣቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ክንፉና ገላው አሉሚኒየም ቢሆን እንኳ፣ የሞተሩን ሽፋን፣ የክንፉን ጫፍና የጎማውን ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከፋይበርግላስ፣ ማለትም በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ከተነከረ የመስታወት ጨርቅ ነው የሚሠሩት። ሌላ ዓይነት ሞተር የመረጠ ሰው ደግሞ የተዘጋጀው ሽፋን ስለማይገጥምለት የራሱን ማውጣቱ አይቀርም። ዕቃው ከሞልዱ (ቅርጹን ከሚሰጠው ማውጫ) ሲወጣ የሚታየው ጉድለት በአብዛኛው የሚጀምረው የሬዚኑ ጣሳ ገና ሳይከፈት ነው።

ሳያስፈልግ ሞልድ መሥራት። አሜሪካዊው የአውሮፕላን ነዳፊ በርት ሩታን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ቫሪኢዚና ሎንግ-ኢዚ የተባሉትን ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች የነደፋቸው ያለ ሞልድ እንዲሠሩ አድርጎ ነው፤ ፎሙ በጋለ ሽቦ ይቆረጥና ፋይበርግላሱ በላዩ ይለብሳል። አንድ ሽፋን ብቻ ከፈለጋችሁ ፎሙን እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ቅረጹት፣ አልብሱት፣ ሲደርቅ ፎሙን ፈልፍላችሁ አውጡ። ሞልድ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ ለማውጣት ነው።

ሞዴሉን ሳይጨርሱ መቸኮል። ሞልድ ከሞዴሉ፣ ማለትም ከዕቃው ናሙና ቅርጽ ላይ፣ ጭረቱንም የስቱኮውን ቀዳዳም አንድ ሳያስቀር ይገለብጣል። ሞዴሉን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሳችሁ በኋላ በውሃ አርጥቡት፣ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ከላዩ አብሩና ነጸብራቁን ተከታተሉ። መስመሩ የተጣመመበት ቦታ ላይ እጅ ያልለየው ጉድጓድ አለ። ጎኖቹም ወደ አፉ ትንሽ እየሰፉ መሄድ አለባቸው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ዕቃውን አንቆ ይይዘዋል። ቅርጹ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከሆነ ሞልዱን ለሁለት ከፍላችሁ በብሎን የሚታሰር ከንፈር አውጡለት።

ሰም መቆጠብ። አዲስ ሞልድ ደጋግሞ ሰም መቀባት አለበት፤ እያንዳንዱ ዙር ደርቆ ይወልወል። ከዚያ በላዩ ፒቪኤ (ዕቃው ከሞልዱ ጋር እንዳይጣበቅ የሚለይ ፈሳሽ) በስሱ ይረጫል፤ በኋላ በውሃ ታጥቦ ይለቃል። ዕቃ የሚጣበቀው መወልወያው ባልደረሰበት ማዕዘን ነው። ሲሊኮን ያለበት የመኪና ሰም ወደ ሥራ ቦታው አይግባ፣ ቀለም አያስይዝም።

ሬዚንን በግምት መቀላቀል። ብዙ ዕቃ የሚጣለው በዚህ ነው። በፖሊስተር ሬዚን የለመደ ሰው፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነውን ማጠንከሪያ ጨመር ወይም ቀነስ በማድረግ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል። ኢፖክሲ በተባለው ሌላ የሬዚን ዓይነት ላይ ይህ አይሠራም። ልኩ አምራቹ የወሰነው ነው፤ ማጠንከሪያ ቢበዛበት ቶሎ አይደርቅም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ። በሚዛን መዝኑ፤ በክብደት የተሰጠው ልክና በይዘት (በቮልዩም) የተሰጠው ልክ አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ። የተቀላቀለ ኢፖክሲ በጥልቅ ኩባያ ከቆየ ራሱን እያጋለ እስከ መጨስ ይደርሳል፤ በሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ አፍስሱት። ፖሊስተርን ደግሞ ነጩ የፖሊስታይሪን ፎም ላይ ካፈሰሳችሁት ፎሙን ያቀልጠዋል።

ጨርቁን በሬዚን ማስጠም። ጥንካሬው ያለው ጨርቁ ላይ ነው፤ ትርፉ ሬዚን ክብደት ብቻ ነው። በእጅ ሲሠራ የሬዚኑ ክብደት ከጨርቁ ክብደት ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። የሚያብረቀርቅ ኩሬ ካያችሁ በፕላስቲክ መጥረጊያ ወደ ጠርዝ ግፉት፤ ነጭ ነጭ ነጥብ ካያችሁ አየር ገብቷል ወይም ጨርቁ አልራሰም።

ሙቀትን መርሳት። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ፣ በጭስ ማውጫ አጠገብ ወይም በጥቁር ቀለም ሥር በፀሐይ ሲግል ይለሰልሳል። ሞልዱ የሚችለው ከሆነ ዕቃው ከውስጡ ሳይወጣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቀስ እያላችሁ አሙቁት። የፋይበርግላስ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሚቀቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደርቆ ባደረ ኢፖክሲ ላይ ሌላ ክፍል ስታጣብቁ መጀመሪያ ሰሙንና ፒቪኤውን አጽዱ፣ ከዚያ ፈግፍጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። ጓንት አይለያችሁ፤ ኢፖክሲ በጊዜ ብዛት አለርጂ ያስይዛል፣ እጅን በአሴቶን ማጠብም ቆዳውን ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ለሽፋኖች ነው። ክንፉን የሚሸከመውን ክፍል ከነዳፊው ሥዕል ውጪ አትንኩ። መሪ ክንፎች (አውሮፕላኑን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ላይ ስቱኮም ሆነ ቀለም ከጨመራችሁ ከመብረራችሁ በፊት ሚዛናቸውን እንደገና ለኩ፤ ከኋላ ጠርዝ የከበደ መሪ ክንፍ ፍጥነት ሲጨምር በአየር ላይ መርገፍገፍ ሊጀምርና ሊሰበር ይችላል።