አዲስ ምርት እንዴት ይነደፋል? ከኤሌክትሪክ ምጣድ የተማርኩት አካሄድ

መብራት የሚቆጥብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ወር የባከነው ሙከራውን አሳጥሬ በማለፌ ነው። የእናንተ ዕቃ የውኃ ፓምፕም ይሁን የጤፍ መውቂያ፣ ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለወጥም።

1. ሥራው ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ

እርሳስ ሳታነሡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ምጣዱ የሚታሰሰው መቼ መቼ ነው? አክንባሎው ስንት ጊዜ ይነሣል? ሰፌዱ በየት በኩል ይገባል? ጠይቆ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ሰው እጁ የለመደውን ነገር ለመናገር አያስበውም።

የማትነኩትንም እዚሁ ወስኑ። «ምርጥ» የተባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ የነደፉት ባለሙያዎች ጋጋሪዋ የለመደችውን የሸክላ ምጣድ እንዳለ ትተው እሳቱን ነው በሲሚንቶ ግድግዳ ያጠሩት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው በዚህ ነው። እኔም የምጣዱን ስፋት፣ ወደ 58 ሳንቲሜትር የሚሆነውን፣ አልነካሁም። ሰፌዱም መሶቡም በእሱ ልክ ነው የተሰፋው።

2. ፍላጎቱን በቁጥር ጻፉ

«መብራት የሚቆጥብ» በሚል ቃል ብቻ ዕቃ አይሠራም። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ 3500 ዋት፣ 220 ቮልት። 220ን በራሱ አባዝታችሁ ለ3500 ስታካፍሉት የማሞቂያ ሽቦው ሬዚስታንስ (ጅረትን የሚቋቋምበት መጠን) 13.8 ኦም ይመጣል። የሚስበው ጅረት ወደ 16 አምፒር ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካም፣ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ ያው ሽቦ የሚሰጠው 2600 ዋት ብቻ ነው። ዕቃው በዚያም ሰዓት መሥራት እንዳለበት ጻፉ።

3. ንድፉና ናሙናው

እነዚህን ለይቼ አላያቸውም፤ እየሣላችሁ ሥሩ። የኮምፒውተር ሥዕል ያማረ ሁሉ የሚሠራ ስለሚመስል፣ እኔ መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በካርቶን እሠራለሁ። ላሜራ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ናሙና አዲስ ዕቃ አትግዙ፤ ምናለሽ ተራ ያገኘሁት አሮጌ የምጣድ እግር ለአራት ናሙና አገልግሎኛል።

ሽቦውን ስትዘረጉ ዳር ዳሩን አጠጋጉት፤ የምጣዱ ጠርዝ ከመሀሉ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

4. ሙከራ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ምጣዱ ቶሎ እንዲግል ብዬ የሸክላውን ውፍረት ከ20 ሚሊሜትር ወደ 9 አወረድኩት። የመግያው ጊዜ በግማሽ ቀነሰ። ሊጡን አዙሬ ስደፋ ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ፍንትው ብሎ ወጣ። ሦስት እንጀራ ጋግሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ ለሸክላ ሠሪዎቹ 30 ምጣድ አዘዝኩ።

አንዱን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ስድስተኛው እንጀራ ላይ ጠሩኝ። አክንባሎውን አንሥተው ዝም ብለው አሳዩኝ፤ መሀሉ ዓይን የለውም፣ ለጥ ብሎ ያብለጨልጫል። «ልጄ፣ ምጣዱ እኮ ደከመ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን የሚወጣው ቀዝቃዛው ሊጥ የጋለ ምጣድ ሲነካ ከሥር ቶሎ ሞቆ፣ አየሩና እንፋሎቱ ሊጡ ሳይረጋ ወደ ላይ ሲፈነዳ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ሙቀት በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው ሸክላው ውስጥ የተጠራቀመው ነው፤ ሽቦው አይደርስለትም። ስስ ሸክላ ቶሎ ይግላል፣ የሚያጠራቅመው ግን ትንሽ ነው። በየእንጀራው መሀል ስለካው 210 ዲግሪ የጀመረው ምጣድ በስድስተኛው 150 ገብቷል።

ስለዚህ ሙሉ ሊጥ ሞክሩ፣ 25 እና 30 እንጀራ። ስትለኩ ምጣዱ ላይ አምስት ቦታ ምረጡ፤ መሀሉንና አራቱን ዳር። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። እኔ ውፍረቱንና የሽቦውን አዘረጋግ በአንድ ቀን ቀይሬ፣ ውጤቱ ሲሻሻል ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አቃተኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ 14 ሚሊሜትር ላይ ረጋሁ። ቁጠባው የመጣው ከሽቦው በታች ካደረግኩት ሙቀት የማያሳልፍ ፋይበር ነው፤ ድሮ ወለሉን ያሞቅ የነበረው አሁን ወደ ሊጡ ይሄዳል።

የላሜራው አካል ኤርዝ ሳይደረግለት (ከመሬት ጋር በሽቦ ሳይያያዝ) አንድም ሰው እንዳይሞክረው። የጋጋሪ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

5. ወደ ማምረት

ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል፣ ደግሞ ሁሉም እኩል አይደለም። ልክ 58 ሳንቲሜትር ብዬ ያስበየድኩት የላሜራ ክብ ግማሾቹን ምጣዶች አልተቀበለም። ሥዕላችሁ ላይ ከልኩ ጋር የሚፈቀደውን መብለጥና ማነስ ጻፉ፣ ክፍተቱንም በፋይበር ሙሉት።

6. ሰጥታችሁ ሂዱ

አምስት ዕቃ ለአምስት ቤት ስጡና ለአንድ ወር አትጠጉ። እናንተ አጠገባቸው ካላችሁ ሰዎች ይጠነቀቃሉ። ወር ቆይቼ ስመለስ ሦስቱ ቤት ማብሪያ ማጥፊያው ዝጎ ነበር። ጋጋሪዋ አክንባሎውን አንሥታ በቀኝ በኩል ስታዘነብለው የተጠራቀመው ላበት የሚንጠባጠበው በትክክል እዚያ ላይ ነው። አሁን ማብሪያውን ወደ ግራ እግሩ፣ ከላሜራው ከንፈር በታች አውርጄዋለሁ፤ ሥዕሉም ለበያጁ ከመሄዱ በፊት ተስተካክሏል።