የእንግሊዝኛ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት እንዴት ያርማሉ?

በእንግሊዝኛ የጻፉትን የሥራ ማመልከቻ ወይም ኢሜይል ሲያርሙ ሁሉንም ስሕተት በአንድ ንባብ ለመልቀም አይሞክሩ። ጽሑፉን ደጋግመው ያንብቡ፤ በእያንዳንዱ ንባብም አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ይፈልጉ። አፋችንን በአማርኛ የፈታን ሰዎች የምንሠራቸው አብዛኞቹ ስሕተቶች በአማርኛ ትክክል የሆነ አነጋገር ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሚፈጠሩ በመሆናቸው፣ የት እንደሚደበቁ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው ንባብ ለባለቤትና ለግሥ ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግሡን ፈልገው ያስምሩበት፤ ከዚያም «ማን?» ወይም «ምን?» ብለው ጠይቀው ባለቤቱን ያክብቡት። በአማርኛ «መጣች» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቷ በግሡ ውስጥ አለች። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ተለይቶ ከግሡ ፊት እንዲቆም ስለሚያስገድድ፣ «ኢዝ ቬሪ ኢምፖርታንት» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ጎዶሎ ነው፤ «ኢት» ይቅደመው። በአንጻሩ «ማይ ብራዘር ሂ ወርክስ ሂር» ውስጥ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ስለተጠራ «ሂ» ይውጣ።

ባለቤቱና ግሡ ከተለዩ በኋላ በቁጥር መስማማታቸውን ይመልከቱ። እዚህ ላይ የሚያደናግረው «ኤስ» የተባለው ፊደል ነው፤ በስም ላይ ሲጨመር ብዙ ቁጥርን፣ በአሁን ጊዜ ግሥ ላይ ሲጨመር ግን ነጠላ ቁጥርን ያመለክታልና። «ዘ ስቱደንት ራይትስ» ይባላል፣ «ዘ ስቱደንትስ ራይት» ይባላል፤ ፊደሉ በአብዛኛው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ይገኛል። «ዳዝ» ከገባ ደግሞ «ኤስ»ን እርሱ ስለሚወስደው ዋናው ግሥ ባዶውን ይቀራል፦ «ሺ ዳዝ ኖት ወርክ»።

ሁለተኛው ንባብ ለጊዜ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። አንድ አመልካች «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2008» ብሎ ጻፈ እንበል። በአማርኛ «ከ2008 ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው» ማለት ምንም ነቀፋ የለበትም። እንግሊዝኛ ግን ባለፈ ጊዜ ተጀምሮ እስካሁን ለቀጠለ ድርጊት የተለየ የግሥ መልክ ስላለው፣ ትክክሉ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ» ነው። ዘመኑም መመንዘር አለበት፦ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው «2015»፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም. የተቀጠረ ደግሞ «2016» ብሎ ይጽፋል። ያልተመነዘረውን ቀን የሚያነብ የውጭ ቀጣሪ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያልተሠራ ልምድ ይቆጥራል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የኮምፒውተር ማረሚያ በቀይ አያሰምርበትም።

በዚሁ ንባብ «ዎዝ» የሚለውን ቃል እየፈለጉ ይመርምሩ። «መጥቶ ነበር» የሚለውን ቃል በቃል የሚያሻግር ሰው «ነበር»ን «ዎዝ» እያደረገ «ሂ ዎዝ ከም» ይላል፤ የሚፈለገው ግን «ሂ ሃድ ከም» ነው። «ዲድ ኖት ዌንት» የሚለውም የታወቀ ስሕተት ነው፤ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለተሸከመው ግሡ ወደ «ጎ» ይመለሳል።

ሦስተኛው ንባብ ለስሞች ነው። አማርኛ የታወቀውን ነገር «ቤቱ» ብሎ በምዕላድ ሲያመለክት፣ ያልታወቀውን ግን «ቤት ገዛ» ብሎ ባዶውን ይተወዋል፤ ስለዚህ ከእጃችን የሚያመልጠው በአብዛኛው «ኤ» ነው። ማንኛውም የሚቆጠር ነጠላ ስም ከፊቱ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ» ወይም መሰል ቃል እንዳለው ያረጋግጡ። «ሦስት መጽሐፍ» ብንል ማንም አይገረምም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ስሪ ቡክስ» ካልተባለ ስሕተት ነው። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ኢኩዊፕመንት» ደግሞ ስለማይቆጠሩ «ኤስ» አይጨመርባቸውም።

አራተኛው ንባብ ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበትን ቦታ ይመለከታል። አማርኛ «ደርሶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ተመለሰ» እያለ ብዙ ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ያያይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማገናኘት አይፈቀድም። ወይ በነጥብ ይለያዩ፣ ወይም ከኮማው በኋላ «ኤንድ» ወይም «በት» ይግባ። «ምክንያቱም» ከአራት ነጥብ በኋላ አዲስ ዓረፍተ ነገር ስለሚጀምርልን «ቢኮዝ»ንም እንዲሁ ነጥለን እናስቀምጠዋለን፤ በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ቢኮዝ» የሚመራው ሐረግ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ጋር መያያዝ አለበት። «ምንም እንኳ» የሚለውን ተከትሎ «ነገር ግን» ማለትም የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» ይሰረዛል።

በመጨረሻ መስተዋድዶችን ይፈትሹ። እነዚህ በሕግ ከመያዝ ይልቅ ከግሡ ጋር አብረው ቢጠኑ ይሻላል፤ ለምሳሌ «ዲስከስ» ከኋላው «አባውት» አያስፈልገውም፣ «ሜሪድ» ደግሞ «ዊዝ»ን ሳይሆን «ቱ»ን ይፈልጋል። ለጊዜ ግን አጭር ደንብ አለ፤ እኛ «በጠዋት»፣ «በዕለተ ሰኞ»፣ «በ2 ሰዓት» ስንል አንዱ «በ» ለሁሉም ሲበቃ፣ እንግሊዝኛ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ኦን መንደይ»፣ «አት ኤይት» ብሎ ይለያቸዋል። ሰዓቱም እንደ ዘመኑ መመንዘሩን አይርሱ፦ የጠዋቱ 2 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር 8 ነው።