«የወፍ በሽታ» ከማለታችን በፊት፦ ዓይን ቢጫ ሲሆን ምን እናድርግ?

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በአገራችን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል፤ ብዙ ቤተሰብም ወዲያው የስሚዛ ቅጠል ጨምቆ የሚያጠጣ አዋቂ ፍለጋ ይወጣል። ቢጫነት ግን ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር በጉበት በኩል አልፎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይፈስሳል። ስለዚህ ደም ከመጠን በላይ ሲፈርስ፣ ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ የሦስቱም ሕክምና የተለያየ ነው።

በመጀመሪያ በሽተኛውን በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍል ተመልከቱት፤ ቀጥሎም ስለ ሽንቱና ስለ ሰገራው ሳታፍሩ ጠይቁት። ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ፣ ሰገራው ግን ነጥቶ ሰውነቱን የሚያሳክከው ከሆነ፣ ሐሞት ወደ አንጀት እንዳይደርስ መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ፣ በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ኢንፌክሽን ተፈጥሮ እንዳይሆን ስለሚያሰጋ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ዕድሜው በገፋና ክብደቱ በሚቀንስ ሰው ላይ ያለ ሕመም እየጨመረ የሚሄድ ቢጫነት ሲታይ ደግሞ ሕመም አለመኖሩ ሊያዘናጋን አይገባም፤ የሐሞት ቱቦ በቆሽት ራስ በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ የሚያድግ ዕጢ ቱቦውን ቀስ በቀስ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

ግራ መጋባት፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ እንዲሁም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን ለነገ አይባሉም።

በጤና ተቋም የቢሊሩቢን መጠንና ዓይነት፣ የጉበት ኢንዛይሞች፣ የወባ ምርመራ፣ የሄፓታይተስ (ጉበትን የሚያሳምም የቫይረስ በሽታ) ቢ እና ሲ ምርመራ ይደረጋል፤ አልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠርንና የሰፋ ቱቦን ያሳያል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይናገር፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ጉበትን ይጎዳሉና። የተወሰደ የባህል መድኃኒት ካለም መደበቅ አያስፈልግም።

በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። ቅጠሉ ምስጋናውን የሚወስደው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሐሞቱ የተዘጋበት ሰው ግን በዚያው ተስፋ ውድ ሳምንታትን ያጣል። ሄፓታይተስ ኢ ነፍሰ ጡርን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል እርሷን «ይለፍላታል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በአብዛኛው ለ12 ሳምንታት በሚወሰድ እንክብል ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ ከ6 ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ለሁሉም ሰው ወዲያው መድኃኒት ባይታዘዝም ክትትሉ አይቋረጥም። ቴኖፎቪር የተባለው የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ዓይኑ ስለ ጠራ ብቻ በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ቫይረሱ በኃይል ሊያገረሽ ይችላል። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ተመርምረው ነፃ የሆኑት ይከተቡ፤ እናት ቫይረሱ ካለባት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን እንዲያገኝ ከመውለዷ በፊት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።