ሳይመለስ የቀረ አብራሪን ከነጓዶቹ ለመዘከር

ሊንከን በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከእነሱ አንዷ፣ እኔ «እማማ» የምላቸው የዘጠና ስድስት ዓመት ሴት፣ ሰባት ወጣቶች ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ከራስጌያቸው አይለዩትም። መሐል የቆመው ታላቅ ወንድማቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላንካስተር የሚባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ በ1944 እንደ ወጣ ቀረ። አንድ ማለዳ እግራቸውን ሳጥብላቸው «የት እንደ ወደቀ ሳላውቅ ልሞት ነው» አሉኝ። እንዲህ ካሉ አረጋውያን ጋር የምትውሉ ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን እጽፍላችኋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉትና ቤቱን ጠይቁ። የእማማ ሀብት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ መታጠፊያው የሳሳ ቴሌግራም፣ ከስኳድሮኑ፣ ማለት ከነበረበት የአየር ኃይል ክፍል፣ አዛዥ የመጣ ደብዳቤና አንድ የሰራዊት ክፍያ ወረቀት። ወረቀቱን እንደ ልብ አትዘርጉት፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሡት። ከሁሉ በላይ የምትፈልጉት የአገልግሎት ቁጥሩን ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ሟቾች አሉ፤ ቁጥሩ ግን የእሱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ይዛችሁ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ያዘጋጀውን የሟቾች ዝርዝር ክፈቱ። ማዕረጉን፣ ስኳድሮኑን፣ የሞተበትን ቀንና መቃብሩን ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል፤ እናንተ ግን አትቁሙ። ላንካስተር ብዙውን ጊዜ ሰባት ሰው ይዞ ነበር የሚነሣው፦ አብራሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ አቅጣጫ መሪው፣ ቦምብ አነጣጣሪው፣ የሬዲዮ ሠራተኛውና ሁለት መትረየስ ተኳሾች። በዚያው ቀን ከዚያው ስኳድሮን የሞቱትን ፈልጉ። ቦምበር ኮማንድ የሚባለውን የእንግሊዝ አየር ኃይል የቦምብ ጣዮች ክፍል የሚዘክረው፣ ሊንከን ያለው የዓለም አቀፍ ቦምበር ኮማንድ ማዕከል የሟቾች መዝገብ ደግሞ አንድ አውሮፕላን ላይ የነበሩትን አንድ ላይ ያሳያችኋል።

መንገዱን ለመልመድ እኔ የዊልያም አስቴልን ታሪክ ተከትያለሁ፤ እናንተም ሞክሩት። ግንቦት 16 ቀን 1943 ማታ ከዚሁ ከእኛ አጠገብ ከነበረው ከስካምፕተን የአየር ኃይል ሰፈር የጀርመንን ግድቦች ለማፍረስ ከተነሡት 19 ላንካስተሮች አንዱን የሚያበርረው እሱ ነበር። ጀርመን ውስጥ ማርቤክ አጠገብ አውሮፕላኑ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሰባቱም ሞቱ። የሞቱበት ቀን ሆኖ የተመዘገበው 17 ነው፤ ስለዚህ በመነሻው ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ያጣቸዋል። አውሮፕላኑ ሁለት መለያ ነበረው፤ የአየር ኃይል መለያ ቁጥሩ ኢዲ864፣ የስኳድሮኑ ፊደል ኤጄ-ቢ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ከሰባቱ ሦስቱ ካናዳውያን ነበሩ፤ ከሦስቱም አብራም ጋርሾዊትዝና ፍራንክ ጋርባስ የአንድ ከተማ፣ የሃሚልተን ልጆች ናቸው። አስቴልን ብቻ የፈለገ ሰው እነዚህን ሁለቱን አያውቃቸውም።

የበረራውን ሌሊት ለማወቅ የስኳድሮኑን የዘመቻ መዝገብ ታነብባላችሁ። መዝገቦቹ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» በሚል መለያ ተቀምጠዋል። የሌሎቹ አውሮፕላኖች መመለሻ ሰዓት ተጽፎ፣ የእማማ ወንድም አውሮፕላን መስመር ላይ ከተነሣ በኋላ ወሬው እንዳልተሰማ የሚል ቃል ብቻ አገኘሁ። እማማ መስመሩን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

መዝገቡ ላይ «የጋራ መቃብር» የሚል ካያችሁ፣ አካላቸውን ለይቶ መቅበር አልተቻለም ማለት ነው። ይህን ለአረጋዊ በስልክ አትንገሩ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩ። የእማማ ወንድም ከአራት ጓዶቹ ጋር በአንድ ቦታ ተቀብሯል። ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ብቻውን አይደለማ» አሉ። መቃብሩ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ስሙን ከቴምዝ ወንዝ በላይ ባለው የራኒሚድ መታሰቢያ ፈልጉ፤ እዚያ ከ20 ሺህ በላይ ስም ተቀርጿል። ከመቃብር ድንጋዮቹ ግርጌም ቤተሰብ የመረጠው ቃል ሊኖር ይችላል፤ የተፈቀደው ጥቂት ፊደል ብቻ ነበር። የሰባቱንም አንብቡ፤ የእናት ድምፅ እዚያ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልናገር። አያቴ ማይጨው የዘመቱ ሰው ናቸው፤ ከሰማይ መርዝ የሚረጩትን የጣሊያን አውሮፕላኖች እስኪሞቱ አልረሱም። ስለዚህ ቦምብ ጣይን መዘከር መጀመሪያ ልቤን ከብዶት ነበር። በግድቦቹ ጎርፍም ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ በግዳጅ ሥራ የታጎሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ለእማማ ነገርኳቸው። «እነሱንም ጻፊልኝ» አሉ። ለመታሰቢያው ባዘጋጀነው ወረቀት ላይ ከሰባቱ ስሞች በታች፣ ያን ሌሊት ቦምቡ የወረደባት ከተማ ስም ተጽፏል። እናንተም ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ለመታሰቢያው ቀን የሞቱበትን ዕለት መረጥን፤ እንደ ሙት ዓመት። በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ ካንዊክ ኮረብታ ላይ ወዳለው የቦምበር ኮማንድ ማዕከል ወሰድኳቸው። እዚያ ያለው የመታሰቢያ ብረት ምሰሶ ቁመት 31 ሜትር ነው፤ የላንካስተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኑ ያህል ነበር። ዙሪያውን ዝገት መልክ ባላቸው የብረት ግድግዳዎች ላይ 58 ሺህ ገደማ ስም ተቀርጿል። ሰው ፓፒ የሚሉትን ቀይ አበባ በፊደሎቹ ቀዳዳ ይሰካል። የሰባቱን ስም የሚያገኙበትን ግድግዳ ከቤት ሳትወጡ ጻፉ፤ አረጋዊ ይዞ መፈለግ አድካሚ ነው። ሰባት አበባ ያዙ። ቴርሞስ ሻይና ብርድ ልብስም አይቅር፤ ኮረብታው ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነው።

እማማ ስሞቹን ራሳቸው ጮክ ብለው ጠሩ። አምስተኛው ላይ ደከሙና ወረቀቱን ሰጡኝ። ከዓመት በፊት ከወንድማቸው ሌላ የሁለቱን ስም ብቻ ነበር የሚያውቁት። የኋለኛውን ተኳሽ ስም አሳስቼ ስጠራው እጄን ያዝ አድርገው አረሙኝ። እንደገና ጠራሁት።