ከቀለም ስር የተደበቀ ዝገት፦ የዱሮ መኪናን አካል እንዴት መርምሮ መጠገን ይቻላል

ከኋላው ጎማ በላይ፣ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል እብጠት ትታያለች። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለው ሲጫኗት ግን ላሜራው እንደ ደረቅ ቅጠል ይበሳል፤ ከቀዳዳውም ቡናማ ብናኝ ይረግፋል። ብረት ሲዝግ ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከስሩ ይገፋዋል። ቀለሙን ድንጋይ ፍቆት ካልሆነ በቀር፣ እንዲህ ያለው ዝገት አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ጀምሮ ላሜራውን ከበላ በኋላ ነው ወደ ውጭ ብቅ የሚለው። ስለዚህ ፍለጋውም ጥገናውም የላሜራውን ጀርባ ማካተት አለበት።

መኪናውን አጥበው ካደረቁ በኋላ ምንጣፎቹን በሙሉ ያውጡ። ውሃ ቁልቁል ወርዶ የሚተኛበትን ቦታ ይከተሉ፦ የበሮቹ ታችኛው ጠርዝ፣ ከበሮቹ ስር ያለው ደፍ፣ የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ፣ የባትሪው መቀመጫ። የመስታወቶቹ ማሸጊያ ጎማ ስርም እንዳይረሳ። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት መጋጠሚያ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በመካከሉ ቀለም ያልነካው ባዶ ብረት አለ፣ ጠባቡ ክፍተትም ውሃን ስቦ ያስቀራል።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በአካሉ ላይ ያንሸራትቱ። በድንገት የሚላላበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ስር ወፍራም ስቱኮ (የጎደጎደ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) አለ ማለት ነው፤ ከስቱኮው ስር ምን እንዳለ ግን ማግኔት አይነግርዎትም። ስለዚህ በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ ያድርጉት። ጤናማ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ወይም በስቱኮ የተሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በበሮቹ ስር ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ። ቅርፊት የሚመስል ዝገት ከወጣ በሩ ከውስጥ እየተበላ ነው።

የወለሉ ስፖንጅ እርጥብ ከሆነ ብየዳውን አይቸኩሉበት። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውሃ ያፍስስ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በየት እንደገባ መለየት ያስቸግራል። መግቢያው ሳይዘጋ የተበየደ ወለል ተመልሶ ይዝጋል።

ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማከሚያ ያክሙ። የተበሳውን ግን ቆርጦ ከማውጣት ሌላ መድኃኒት የለውም። በቀዳዳ ላይ ስቱኮ መለጠፍን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ጀርባውም እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከፊት ያማረው መኪና ከኋላ መበላቱን ይቀጥላል።

ከመቁረጥዎ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። ከአካባቢው የነዳጅ ቱቦና የሚቀጣጠል ነገር ያርቁ፤ የእሳት ማጥፊያም በእጅ ይኑር። በብዙ የዱሮ መኪኖች ቀለም ውስጥ እርሳስ ስለሚገኝ ያለ መተንፈሻ ጭምብል አይፈግፍጉ። ደፉ የሚቆረጥ ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ፦ የተለየ ሻሲ (አካሉን ከስር የሚሸከም የብረት አጽም) በሌለው መኪና ደፉ ራሱ ክብደት ተሸካሚ ነው። መኪናውን በካቫሌቶ (በብረት ማቆሚያ) ላይ አስተካክለው ያቁሙ፣ የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ አያይዘው ይወጥሩ። አለዚያ ሥራው ሲያልቅ በሩ አልዘጋ ይላል።

ቁርጡ የዛገውን ብቻ ሳይሆን ጤናማው ብረት እስኪገኝ ይሂድ፤ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ። በካርቶን ልኩን ወስደው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ እራፊውን ያዘጋጁ። ሲበይዱ አንድ ወጥ መስመር አይጎትቱ፦ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩን በተቃራኒው ጫፍ፣ ከዚያ እስኪበርድ መጠበቅ። ስስ ላሜራ ሙቀት ከበዛበት ይጣመማል፤ የተጣመመውን ማቃናት ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ብየዳውን ካስተካከሉ በኋላ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ) ይቀቡ፤ ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ዝጎ ይገኛል። መጋጠሚያውን ለመኪና አካል በተሠራ ማሸጊያ ይሙሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት የቤት ሲሊኮን አይጠቀሙ፣ አሲዱ ብረቱን ያዝገዋል። ስቱኮ አሁን ቦታ አለው፣ ለስስ ማለስለሻ ብቻ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በደፉና በበሮቹ ውስጥ ረጅም ቱቦ አስገብተው ፀረ ዝገት ሰም ይርጩ። ሰሙ ሲረጋ ሽቦዋን እንደገና ያንሱና የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ።