ከኮሮና በኋላ ልብ ሲቆጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሮና የሳንባ በሽታ ነው ብለን ስለለመድነው ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል። የልብ ጡንቻ ሲቆጣ ማዮካርዳይቲስ ይባላል፤ ልብን የሸፈነው ስስ ከረጢት ሲቆጣ ደግሞ ፔሪካርዳይቲስ። አንዳንዴ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021 ያሉትን የሆስፒታል መዝገቦች መርምሮ፣ ኮሮና ከተገኘባቸው 100,000 ታካሚዎች 150 ገደማ፣ ካልተገኘባቸው 100,000 ደግሞ 9 ገደማ ማዮካርዳይቲስ እንደያዛቸው አሳይቷል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ሰው ግን ከሚከተሉት ስህተቶች አንዱን ቢሠራ ዋጋው ከባድ ነው።

“ብርድ ነው፣ ያልፋል”

ደረት ሲወጋ በየቤታችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው፣ ቀጥሎ ጨጓራ። ፌጦ ይጠጣል፣ ካልተሻለ ኦሜፕራዞል ይገዛል። ኮሮና ይዞት በተነሳ ሰው ላይ ግን ይህ ግምት ቀናትን ያስበላል። የጨጓራ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያቃጥላል፣ ከምግብ ጋር ይሄዳል። የፔሪካርዳይቲስ ውጋት ስል ነው፤ አየር በጥልቀት ሲስቡና በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል፣ አንዳንዴም ወደ ግራ ትከሻ ይወጣል። መተኛት አቅቶት ትራስ አቅፎ ተቀምጦ ያደረ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ “ደረቴን አሞኛል” ከማለት እጅግ የበለጠ ይረዳል።

ማዮካርዳይቲስ ግን ያለ ምንም ውጋትም ሊመጣ ይችላል። ትናንት ያለ ችግር የወጡት ደረጃ ዛሬ ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ልብ ያለ ምክንያት ድው ድው ካለ ወይም ምት ከዘለለ፣ እግር ካበጠ መመርመር ያስፈልጋል። ራስን መሳት፣ አርፈው ተቀምጠው ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ነገ አይባልም።

ትኩሳቱ ሲወርድ በሽታው አለቀ ማለት

የልብ መቆጣት የሚመጣው ቫይረሱ ሴሎችን ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ከልክ በላይ ሲነሳም ልብን ያቆስላል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ምልክቱ በሕመሙ ሰሞን ወይም ትኩሳቱ ከጠፋ ሳምንታት በኋላ ብቅ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። በልጆች ላይ የሚታየው መላ ሰውነትን የሚያስቆጣ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፦ አዲስ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የዓይን መቅላት። ወላጅ ታይፎይድ ነው ወይም ሆዱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ሲያስታምም የልጁ ልብ እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ልጁ ከወር በፊት ጉንፋን ይዞት ከነበረ፣ ቤት ውስጥ ኮሮና የያዘው ሰው ከነበረ መናገር ነው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሁለቱን ላያያይዛቸው ይችላል።

ኦክስጅን ለክቶ መረጋጋት

ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር ጥሩ ቁጥር ቢያሳይ ስለ ሳንባ ጥቂት ይነግራል፤ ልብ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ልቡ የተቆጣ ሰው ኦክስጅኑ ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያው ላይ ከጎን የሚታየውን ሌላውን ቁጥር፣ የልብ ምቱን፣ ግን ብዙዎች አያዩትም።

መሣሪያው ከሌለም ይሆናል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ ቡናም ሳይጠጡ፣ የሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ 60 ሴኮንድ ሙሉ መቁጠር ነው። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የሚዘል ምትን ይደብቃል። ትኩሳት በየ1 ዲግሪው ምቱን 10 ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ 39 ዲግሪ ላይ 100 መሆኑ አያስገርምም። ትኩሳት ሳይኖር አርፎ የተኛ ሰው ምት በየቀኑ ከ100 በላይ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ።

ተኝተው ደህና የነበረ ምት ቆመው በ10 ደቂቃ ውስጥ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከኮሮና በኋላ ምትን የሚቆጣጠረው ነርቭ ሲዛባ እንዲህ ይሆናል። የልብ ጡንቻ መቆጣት አይደለም፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ቶሎ ወደ ሩጫ መመለስ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም ወጣቱና ጠንካራው ነው። “በላብ አስወጣዋለሁ” ይላል። የተቆጣ ጡንቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደ ወትሮው አይተላለፍም፤ በሩጫ ጊዜ የሚፈሰው አድሬናሊን ሲጨመርበት የታችኛው የልብ ክፍል ምት ይበጣጠሳል፣ ሯጩም ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማዮካርዳይቲስ ከወጣት ስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ከኮሮና በፊትም የታወቀ ነው።

በሽታው ከተረጋገጠ ከ3 እስከ 6 ወር ከከባድ እንቅስቃሴ መታቀብ ያስፈልጋል። ሩጫ፣ ኳስ፣ ብረት ማንሳት ሁሉ ይቆማል። ከመመለስ በፊት አራት ነገር ይታያል፦ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ትሮፖኒን፣ ወርዷል ወይ፣ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የልብ የመርጨት አቅም ተመልሷል ወይ፣ 24 ሰዓት በሚታሰር የምት መቅጃ (ሆልተር) የተዛባ ምት አለ ወይ፣ መሮጫ ማሽን ላይ ኢሲጂው (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት በወረቀት የሚወጣበት ምርመራ) እንዴት ሆነ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀጠሮው ይራዘማል። እንጦጦ ወይም ጃን ሜዳ የሚሮጥ ሰው ስድስት ወር ረጅም መስሎ ሊታየው ይችላል፤ አሰልጣኝ ሲገፋፋ ደግሞ ይበልጥ።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ኮሮና ቀለል አድርጎ ይዞት የደረት ምልክት ያልነበረው ሰው ሁሉ የልብ ኤም.አር.አይ ይነሳ አይባልም።  እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙ ካለፈለት በኋላ በእግር ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ደረቱን ከያዘው ወይም ትንፋሹ ካጠረ ያቁምና ይታይ።

በአንድ የትሮፖኒን ወረቀት መደንገጥ

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ጉዳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ጉዳቱ ከምን እንደመጣ አይናገርም። በኮሮና ታካሚ ላይ የልብ ድካም፣ ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት፣ የኩላሊት መድከም፣ የኦክስጅን ማነስ ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ናሙና ተወስዶ ቁጥሩ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ ነው የሚለው ይታያል፤ ከኢሲጂና ከኢኮ ጋርም ይመዘናል። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ላይ “ከኮሮናው ነው” ብሎ የተዘጋ የልብ የደም ሥርን ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። በኮሮና ከሞቱ ሰዎች የ277ቱ የአስከሬን ምርመራ ውጤት በአንድ ላይ ሲታይም እውነተኛው ማዮካርዳይቲስ ከ2 በመቶ እንደማይበልጥ ተገምቷል።

መድኃኒት ከጎረቤት

ዴክሳሜታዞን የተባለው መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ሕይወት እንደሚያድን የታወቀው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ነው። ኦክስጅን ያላስፈለገው ሰው ከፋርማሲ ገዝቶ ቢወስደው ጥቅም አልታየም፤ ስኳር ከፍ ይላል፣ ተደብቆ የቆየ ቲቢም ሊነሳ ይችላል። ክሎሮኪንና አዚትሮማይሲን አንድ ላይ መውሰድ ደግሞ ኢሲጂ ላይ ኪውቲ የሚባለውን ርቀት፣ ማለትም የታችኛው የልብ ክፍል በየምቱ ተነሳስቶ እስኪረጋጋ ያለውን ጊዜ፣ ያስረዝማል፤ ልቡ ለቆሰለ ሰው ይህ አደገኛ የምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል።

አይቡፕሮፌን ለፔሪካርዳይቲስ መቆጣትን ከሚያበርደው ኮልቺሲን ጋር ይታዘዛል፤ ኮልቺሲኑ 0.5 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ክብደቱ ከ70 ኪሎ በታች ለሆነ አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወር። የልብ ጡንቻው ራሱ ለደከመበት ሰው ግን አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ ስለሚይዝ ያባብሳል። ኮልቺሲን ላይ ሆኖ ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ መጨመር መርዛማ ያደርገዋል። ሕመሙ በሳምንት ጠፋ ብሎ ማቆምም ውጋቱን ይመልሳል። በኢትዮጵያ ደግሞ በልብ ዙሪያ ውሃ ሲገኝ ኮሮና ነው ከመባሉ በፊት ቲቢ መፈተሽ አለበት።

ክትባቱንና በሽታውን ማምታታት

እንደ ፋይዘርና ሞደርና ያሉት የኤም.አር.ኤን.ኤ ክትባቶች አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻን ያስቆጣሉ፤ ይበልጥ ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ በቀናት ውስጥ። አብዛኛው ቀላል ነው። ቀድሞ ማዮካርዳይቲስ የነበረበት ሰው በራሱ ከመወሰን ሐኪሙን ያማክር። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጋቢት 2013 መሰጠት የጀመረው አስትራዜኒካ ከእነዚህ ወገን አይደለም።

የመጀመሪያውን ኢሲጂ መጣል

ከወራት በኋላ ሐኪሙ የሚፈልገው ያንን የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ነው፤ ለውጡ የሚታየው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ፕላስቲክ ያጠፉታል፣ ከዓመት በኋላ ባዶ ሮዝ ወረቀት ሊቀር ይችላል። የዚያኑ ዕለት ቀኑና ስሙ እንዲታይ አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሱት።