ከገዛ ሰውነት ጋር ለመታረቅ ከውዳሴ በፊት እውነት

ሰውነቱን መውደድ ለተሳነው ሰው አዘውትሮ የሚሰጠው ምክር በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነኝ» እንዲል ነው። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ ይበልጥ ለተቸገረው ሰው እምብዛም አይበጅም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ለራሳቸው ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይባስ እንደሚከፋ አሳይተዋል። ልብ ያላመነበትን ነገር አንደበት በተናገረ ቁጥር ተቃራኒው ሐሳብ ማስረጃውን ይዞ ከውስጥ ይነሣልና፣ መጀመር ያለብዎት ራስዎም ሊክዱት ከማይችሉት እውነት ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ እንግዲህ ሰውነትን ያለ ፍርድ መግለጽ ነው። ሙሉ ቁመናዎን በሚያሳይ መስታወት ፊት ቆመው ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጣትዎ ያለውን ሁሉ፣ አይቶዎት ለማያውቅ ሰው በስልክ እንደሚያስረዱ ሆነው፣ ድምፅዎን አውጥተው ይግለጹ። «ሆዴ አስቀያሚ ነው» ማለት ፍርድ ነው፤ «ሆዴ ከእምብርቴ በታች ክብ ነው፣ ስቀመጥ ይታጠፋል፣ በቀኝ በኩል የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለው» ማለት ግን መግለጫ ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አይከራከረውም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ሰውነቱን የሚጠላ ሰው ዓይኑ በቀጥታ ወደሚጠላው ክፍል ስለሚሮጥ፣ ለትከሻዎ፣ ለክንድዎና ለጉልበትዎ ለሆድዎ የሰጡትን ያህል ጊዜ ይስጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ሊጨምር ይችላል፤ ልምምዱ ሲደጋገም ግን ብዙውን ጊዜ እየበረደ ይሄዳል። ይህን የመሰለ ልምምድ በአመጋገብ መታወክ (ራስን ማስራብን ወይም የበሉትን ማስመለስን የመሰለ የሥነ ልቦና ሕመም) ሕክምና ውስጥ በባለሙያ እየተመራ የሚሰጥ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ባይሞክረው እመክራለሁ። ባለፉበት መስኮት ሁሉ ራስን መቃኘት፣ ሥጋን እየቆነጠጡ መለካት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ እርሱ ጭንቀቱን ይቀልባል እንጂ አያስታግሠውም።

ስለ መልክዎ የሚያምኑት ማስረጃ ራሱ ሊፈተሽ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከፊት 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ የተነሣ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። በእጅዎ ይዘው የተነሡት ሰልፊ እንግዲህ ሰዎች የሚያዩት ፊት አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናት፣ ተሳታፊዎች ከራሳቸው ፎቶዎች መካከል ቀኝና ግራው እንደ መስታወት የተገለበጠውን ሲመርጡ፣ ወዳጆቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን መርጠዋል፤ ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው። ፎቶዎ ሲያስደነግጥዎ «አልለመድኩትም» ማለት «አስጠላለሁ» ከማለት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።

ስለ ውበት ያለን ሚዛንም የተማርነው ነው። አን ቤከር የተባለችው ተመራማሪ በፊጂ ደሴቶች በአንድ አካባቢ ቴሌቪዥን በገባበት እ.ኤ.አ. በ1995 እና ከሦስት ዓመት በኋላ ባደረገችው ጥናት፣ በልጃገረዶች ዘንድ የተዛባ የአመጋገብ ጠባይ መጨመሩን አግኝታለች። የተማርነውን ሁሉ በአንድ ቀን መርሳት ባይቻልም መምህሩን መቀየር ይቻላል፤ ካዩዋቸው በኋላ ሰውነትዎን የሚያስጠሉዎትን ገጾች ዛሬውኑ መከተል ያቁሙ።

ከዚህ በኋላ ወደ አድናቆት መሻገር ይቻላል። 15 ደቂቃ ያህል ወስደው ሰውነትዎ ያስቻለዎትን ነገር ይጻፉ። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እንደሚመታ ማወቅ ያስደንቃል፤ ይበልጥ የሚሠራው ግን የራስዎ ዝርዝር ነው፦ ያቀፉት ሕፃን፣ ወዳጅዎ ከሩቅ የሚለየው ድምፅዎ፣ ያለ እርስዎ ትእዛዝ የዳነው ቁስል። ለረጅም ጊዜ የታመመን ወይም አካሉ የተጎዳን ሰው ይህ ልምምድ ሊያቆስለው እንደሚችል መታሰብ አለበት፤ «ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ያጣውን ያስታውሰዋልና። እርሱ ጥያቄውን ወደሚሰማው ነገር ቢያዞር ይሻላል፦ የፀሐይ ሙቀት፣ የሚወደው ጣዕም፣ ከሕመም እፎይ ያለበት ሰዓት። የሰው ክብር በጉልበቱ መጠን የሚለካ እንዳይመስለው አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ልብስዎ ዛሬ ባለው ሰውነትዎ ልክ ይሁን። የክብደት ሚዛን ላይ ደጋግመው አይውጡ፤ በውኃና በጨው ምክንያት ብቻ ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሰዎች ስለ ውፍረትዎ ወይም ስለ ክሳትዎ ሲያነሡ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም፤ «ስለ ሰውነቴ ባናወራ ደስ ይለኛል» ብሎ ወሬ መለወጥ ይበቃል። ልጆች በሚሰሙበት ስፍራ የራስዎንም ሰውነት አይሳደቡ፤ ፍርዱን ከእርስዎ ይማሩታል።

ስለ መልክዎ ማሰብ በየቀኑ ሰዓታት የሚወስድብዎ፣ ከቤት መውጣት የሚያስጠላዎ፣ ወይም ምግብ የሚያስተውዎና የበሉትን የሚያስመልስዎ ከሆነ ግን ጉዳዩ በራስ ልምምድ የሚያልፍ ስላልሆነ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይሂዱ። አስተሳሰብንና ባሕርይን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና ለእንዲህ ያለው ችግር እንደሚረዳ በተደጋጋሚ ታይቷል። ፊት ለፊት መናገር ካሳፈረዎት፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድብዎና ምን እንዳስተውዎት በወረቀት ጽፈው ለባለሙያው ቢሰጡት በቂ መነሻ ይሆነዋል።